ከዋልካው በታች ያለው ድንጋይ

ስለ ሥራዬ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል ይሉኛል። ልጆቼም በእንግዳ ፊት «ደግሞ ጀመረ» እያሉ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። በጣልያን ዘመን፣ አበሻ ከነጭ ፊት ቀና ብሎ መናገር በማይችልበት ጊዜ፣ አንድ የጣልያን መሐንዲስ ባርኔጣውን አውልቆ እኔ ወዳስቆፈርኩት ጉድጓድ ወርዷል። ይህን ያየ ሰው ቢኮራ አይፈረድበትም።

የተወለድኩት ደምቢያ ነው፤ ከቆላ ድባ ገበያ ማለዳ የተነሳ ሰው ለምሳ የሚደርስበት መንደር። እናታችን ቀደም ብላ ስለሞተች እኔንና ታላቅ እህቴን ያሳደገን አባቴ ነው። ገበሬ ነበር፤ የእርሱም አባት ገበሬ። ጣልያን ጎንደር ሲገባ እኔ በሬ ጠምጄ ሙሉ ቀን የማርስ ጎረምሳ ነበርኩ። እርሻውን አልጠላሁትም፤ ግን ሌላ ነገር ያምረኝ ነበር። ለጥምቀት ጎንደር ቀሐ ስንወርድ ሰው ሁሉ ታቦቱን ሲከተል እኔ የጥምቀተ ባሕሩን ግንብ በእጄ እየዳበስኩ ወደ ኋላ እቀራለሁ። አንዱ ድንጋይ ሌላውን እንዴት እንደያዘው ማየት አይሰለቸኝም ነበር። መንደር ስመለስ ደግሞ የበረታችንን ካብ አፍርሼ እንደገና እክበዋለሁ።

አባቴ ይህን ሲያይ፣ «ምነው ልጄ፣ የቆመ ካብ ምን አደረገህ?» ይለኛል።

«ጠሞ ነበር» እለዋለሁ።

«ከብቶቹስ ስሞታ አላቀረቡም» ይልና ይስቃል።

ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት አዘዞ ላይ ትልቅ ሥራ ተከፈተ። መንገድ ይጠረጋል፣ መጋዘን ይቆማል፣ ቤት ይሠራል ተባለ። ውቂያው እንዳለቀ አባቴን አስፈቅጄ ሄድኩ። «እስከ ግንቦት ነው» አለኝ። «ግንቦት ላይ በሬዎቹ ይጠብቁሃል።»

የመጀመሪያ ሥራዬ በካሪዮላ፣ በባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ፣ ድንጋይ መግፋት ነበር። አለቃችን ካቦው ጣልያን ነው፤ ሥራውን የሚያውቁት ግን ከወለቃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ሽማግሌው ቤተ እስራኤል ናቸው። በዚያን ጊዜ የእኛ አገር ሰው ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ድንጋይ የሚጠርበውን ሁሉ «ጠይብ» እያለ ይንቃል፤ ቡዳ ነው ብሎም ይፈራል። ማረሻውን ግን የሚገዛው ከእርሱ ነው፤ ገንቦውንም ከሚስቱ። እነርሱም በበኩላቸው ከእኛ ጋር አይበሉም፣ ከነካናቸውም ይታጠባሉ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ሽማግሌው ሄጄ፣ «አያ፣ ቢያስተምሩኝ?» አልኳቸው። አንቱ ማለቴን የሰሙ የሥራ ጓደኞቼ ከኋላዬ ሳቁ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ። ከደምቢያ።»

«አባትህ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም።»

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ አንድ ጥቁር ድንጋይ በአገጫቸው አመለከቱኝ። «አንሳው። ፊቱ በየት በኩል ነው?»

አገላብጬ አንዱን ጎን አሳየኋቸው። «አይደለም» አሉ። ሌላውን አሳየኋቸው። «እሱም አይደለም።» በሦስተኛው ዝም አሉ። ዝምታቸው ምስጋና መሆኑን ቆይቶ ነው ያወቅሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሩኝ። መሮውን ከእጃቸው አልቀበልም፤ መሬት ላይ ያስቀምጡልኛል፣ እኔ አነሳዋለሁ። እንዲህ ሳንነካካ ነው አንድ ግንብ ላይ የሠራነው። ድንጋይ መጥረብ፣ ሲባጎ መወጠር፣ ግንቡ ቀጥ ብሎ መቆሙን በቱንቢ መለካት ተማርኩ። በቀን ከሁሉ አብዝቼ የምሰማው ቃል «አፍርሰው» ነበር። የሠራሁትን ሲያስፈርሱኝ አይቆጡም። ዝቅ ባለ ድምፅ «አፍርሰው» ብለው ወደ ሌላው ያልፋሉ።

ግንቦት ገባ፤ እንደ ቃሌ ተመለስኩ። እጄን ቀድማ ያየችው እህቴ ናት። «ይኸ የሞፈር እጅ አይደለም» አለችና ለአባቴ ሳልናገር እንዳላድር አስጠነቀቀችኝ። እኩለ ቀን ላይ በሬዎቹን ፈትተን ጥላ ሥር እንደተቀመጥን ነገርኩት። ጅራፉን ሲጠቀልል ሲፈታ ቆየ።

«ድንጋይ መሸከምህን ሰምቼ ነበር» አለ። «መጥረብህን ግን አልሰማሁም። ከማን ነው የምትማረው?»

ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«ነገ ሚስት ስጠይቅልህ፣ ልጅህ ምን ይሠራል ሲሉኝ፣ ጠይብ ነው ልበል?»

«ግንበኛ ነው በላቸው።»

«እርሻውስ?»

«እርሻውን አልተውም።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ ልጄ» አለና ተነስቶ በሬዎቹን ጠመደ። ለሳምንት ያህል ከሥራ በቀር ሌላ ነገር አላናገረኝም።

በዚያው ሰሞን አርበኛ የሆነው የአጎቴ ልጅ ከጫካ ብቅ አለ። እርሱን ደግሞ ከአባቴ አብልጬ ፈራሁት። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ «ምነው፣ ለጣልያን ቤት ትሠራለህ አሉኝ?» አለ።  ሀፍረቱ ድሮም በውስጤ ነበረ። እርሱ ግን ከት ብሎ ሳቀ። «አጥብቀህ ሥራው! ነገ የምንገባበት እኛ ነን።»

ሐምሌ ላይ ጤፍ ዘራን። የእኛ መሬት ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ እግር የሚይዝ ጭቃ። አባቴ ስለ ዋልካ ሲያወራ ስለ አስቸጋሪ ዘመድ የሚያወራ ይመስላል። «በክረምት ይነፋል፣ በበጋ ይሰነጠቃል» ይላል። «እህል ስጠው እንጂ ቤት አትስጠው።» ጎተራችንን ያቆመው ሩቅ ካለው ድንጋያማ ጉብታ ላይ ነው። እህቴ እህል ለማውጣት ያንን ሁሉ መንገድ ስትመላለስ ታማርር ነበር። የጎረቤታችን ጎተራ ግን ከደጃፉ ፊት ዋልካው ላይ ቆሞ በየዓመቱ ይጣመማል፤ በየዓመቱም በእንጨት ይደገፋል።

ዘሩንና አረሙን ጨርሼ በመስከረም መጨረሻ ወደ አዘዞ ስመለስ አዲስ መጋዘን ሊጀመር ነበር። ትልቅ ነው፤ ርዝመቱ እንደ ሜዳ። ካቦው ያስቆፈረው መሠረት ግን ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ወርጄ አፈሩን በእጄ ጨበጥኩት። ከአባቴ እርሻ የመጣ ይመስል ነበር።

ወደ ካቦው አስተርጓሚ ሄጄ፣ «ይኸ ዋልካ ነው፤ ጥልቅ ካልተቆፈረ ሲደርቅ ግንቡን ይሰነጥቀዋል በልልኝ» አልኩት።

አስተርጓሚው ነገረው። ካቦው ሳቀና አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው መልሱን ሲነግረኝ ራሱ አፈረ። «ገበሬ ስለ ሽንኩርት ያውራ ብሏል።»

ተናድጄ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። «አያ፣ ይኸ ግንብ አይቆምም።»

«ተናግረሃል። አሁን ረድፍህን አቅና።»

«ይፈርሳል እያልኩዎት?»

«ይፈርስ ይሆናል» አሉ ከድንጋያቸው ቀና ሳይሉ። «ጠማማ ሆኖ ከፈረሰ ግን በእኛ ያሳብባሉ።»

ስለዚህ አቀናን። በሕይወቴ እንደዚያ ግንብ ተጠንቅቄ የሠራሁት የለም። እያንዳንዱን ረድፍ በውሃ ልክ ለካን፣ ጥጉን በቱንቢ አየን። በጥር መጨረሻ ቆርቆሮው ተመታ። ካቦው ከጓደኞቹ ጋር ግንቡ ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሳ።

በየካቲት ምድሩ ደረቀ። አንድ ጠዋት ስንመጣ ከጥጉ የተነሳ ስንጥቅ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ እየወጣ መስኮቱ ጋ ደርሷል። በሦስተኛው ቀን እጄ ገባበት። ካቦው ፊቱ ቀልቶ እየጮኸ መጣና ጣቱን ወደ ሽማግሌው ቀሰረ። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመ። «ሆን ብሎ ነው ያበላሸው፤ የመንግሥት ጠላት ነው ይላል።» እንዲህ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ዘበኞች መጥተው የሽማግሌውን ክንድ ያዙ። እሳቸው አልተከራከሩም። መዶሻቸውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አኖሩና ወደ እኔ አዩ።

በዚያው ቅጽበት የካቦው አለቃ የሆነው መሐንዲስ ከጎንደር በመኪና ደረሰ። ፀጉሩ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ከመኪናው ሳይርቅ ሮጬ ፊቱ ቆምኩ።  ዘበኛው አንገቴን ያዘኝ።

«ጥፋቱ የድንጋዩ አይደለም፤ የመሬቱ ነው! ላሳያችሁ!» አልኩ።

አስተርጓሚው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሳይጠየቅ ተረጎመ። መሐንዲሱ ዘበኛውን በእጁ አስለቀቀኝ።

መጀመሪያ ቱንቢውን አመጣሁና ካልተሰነጠቀው ጥግ ላይ አወረድኩት። ክሩ ከግንቡ ጋር ቀጥ ብሎ ወረደ። «ይኸው፤ ሥራው ጠማማ አይደለም።» ከዚያ ከግንቡ ውጪ ወዳለው ደረቅ መሬት ሄድኩ። ዋልካው አፉን ከፍቷል። ክንዴን የሚያህል እንጨት ከስንጥቁ ውስጥ ሰደድኩት፤ ዋጠው። በመጨረሻ ደረቁን አፈር ደቁሼ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩና አፈሩ የደረሰበትን ከፍታ ጣሳው ላይ በከሰል አሰመርኩ። ውሃ አፈሰስኩበት። «ይቆዩ» አልኩ።

መሐንዲሱ ቆየ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ አጨሰ። ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ከበበን። ካቦው ይንጎራደዳል። ፀሐይዋ ጥቂት ከፍ ስትል መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አየ። አፈሩ ከከሰሉ መስመር በላይ በጣት ስፋት አብጧል።

«ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ በአስተርጓሚው።

«አባቴ። ገበሬ ነው።»

«ታዲያ ጥሩው መሬት የት ነው?»

«ከሥር ነው። ምን ያህል እንደሚወርድ ቆፍረን እንየው።»

ራሴ ዶማ ያዝኩ። ሌሎች አራት ሰዎች ተጨመሩልኝ። እስከ ደረታችን ጥቁር ብቻ ነበር። ከዚያ አፈሩ ግራጫ ሆነ፤ እንደ ጨው ያሉ ነጫጭ ጠጠሮች ታዩበት። የውሃ ጉድጓድ ስንቆፍር አባቴ እነዚያን ጠጠሮች ሲያይ «ደርሰናል» ይል ነበር፤ እኔም «ደርሰናል» አልኩ። ቁመቴን አልፈን ትንሽ እንደወረድን ዶማዬ ጮኸ። ድንጋይ ነበር። በእጄ አፈሩን ጠረግሁለት። መሐንዲሱ ያን ጊዜ ነው ባርኔጣውን አውልቆ ለካቦው ያስያዘውና በመሰላል የወረደው። በጫማው ድንጋዩን ረገጥ ረገጥ አደረገው። ከዚያ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ብራቮ» አለኝ። ከላይ ያለው ሰው በሙሉ ሰምቷል።

ሽማግሌውን ለቀቋቸው። የተሰነጠቀው ጎን ፈርሶ ከድንጋዩ ላይ ተነስቶ እንደገና ተሠራ። ከዚያ ወዲያ አዘዞ ላይ የሚቆፈር መሠረት ሁሉ እኔ ሳላየው ድንጋይ አይወድቅበትም ተባለ። አበሻ ካቦ መሆን በሕጋቸው አይፈቀድም ነበርና ስሙን አልሰጡኝም። ሥራውን ግን ሰጡኝ። የሽንኩርቱ ካቦ እንኳ ጠዋት ጠዋት «ገበሬ፣ ና እይልኝ» ማለት ጀመረ።

በሚቀጥለው ዓመት መሐንዲሱ ወደ አስመራ ሊዛወር ሲል አስጠራኝ። አብሬው ብሄድ ትልልቅ ሕንፃ እንደምሠራ፣ ሥዕሉን ማንበብ እንደሚያስተምረኝ ነገረኝ። ልቤ ዘለለ፤ አልዋሽም። በሐሳቤ ጫማ አድርጌ በአስመራ ጎዳና ስሄድ ራሴን አየሁት። ሽማግሌውን ምን ይሉኛል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? አባት አለህ» አሉ።

ለአባቴ በገበያተኛ መልእክት ላክሁ። ወደ ደምቢያ ልሄድ ስዘጋጅ አባቴ ራሱ በበቅሎ ከች አለ። አዘዞን እንዲህ ሆኖ አይቶት አያውቅም። መጋዘኑን ዞሮ አየው። ጥጉን ዳበሰ። አዲስ ወደሚቆፈረው መሠረት ወርዶ ከታችኛው አፈር ቆንጥሮ በጣቶቹ መሃል ፈተገው። «ጎተራችን ያለበት ዓይነት ነው» አለ። «አዎ» አልኩት። 

ከዚያ ሽማግሌው ወደተቀመጡበት ወሰድኩት። ሁለቱም በየድንጋያቸው ተቀመጡ። በመካከላቸው አንድ ሰው ሊተኛበት የሚችል ርቀት ነበረ። ሠራተኛው የሚሆነውን ለማየት መዶሻውን አቆመ።

«አያ፣ ልጄን ያስተማሩት አንቱ ነዎት?» አለ አባቴ።

«ድንጋዩን እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «መሬቱን ግን ቀድመው አንቱ አስተምረውታል። የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እስር ቤት ነበርኩ።»

 አባቴ ተነስቶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳቸው። «ሸጋ አድርገው አስተምረውልኛል» አለ። ሽማግሌውም ተነስተው አጸፋውን መለሱ። ከሕይወቴ ቀን ምረጥ ብባል ያን ቀን እመርጣለሁ።

ሲመለስ እስከ መንገዱ ሸኘሁት። ስለ አስመራ ያነሳው እርሱ ነው። «እኔ አልከለክልህም። መሬቱን ለእኩል አራሽ እሰጣለሁ። የአስመራን አፈር ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ትማረዋለህ» አለና በቅሎው ላይ ወጣ።

ሦስት ቀን አሰብኩ። በአራተኛው ለመሐንዲሱ አልሄድም አልኩት። ፈርቼ አልነበረም። ጣልያን አንድ ቀን መሄዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ይህ አገር የራሱ ግንበኛ ያስፈልገዋል ብዬ ነው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሐምሌ ላይ ጭቃው ውስጥ ካልቆምኩ ዓመቱ የዞረ አይመስለኝም። አስመራ እየሠራሁ ለዘር መመለስ የሚባል ነገር የለም። መሐንዲሱ ትከሻውን ነቀነቀና የራሱን ውሃ ልክ ሰጠኝ። ሥዕል ማንበቡን ሳልማር ቀረሁ፤ ያ አሁንም ይቆጨኛል።

ጥቂት ቆይቶ ጦርነቱ ወደ ጎንደር ቀረበ። የእንግሊዝ አውሮፕላን አዘዞን መደብደብ ሲጀምር ሥራው ተበተነ። ከተማው ውስጥ እህል ጠፋ። እኔ ወደ ደምቢያ ወርጄ ከአባቴ ጋር አረስኩ። ሽማግሌው ግንበኛ ከነቤተሰባቸው ወደ እኛ መጡ። አባቴ እንደ ሥርዓታቸው ለብቻቸው እንዲያበስሉ ከማሳው ጥግ ጎጆ ሰጣቸው፤ ጤፍም ከጎተራው። ጎረቤት «ጠይብ አስጠጋህ» ሲለው፣ «የልጄ አስተማሪ ናቸው» ብሎ አፉን አስያዘው።

ጣልያን ተሸንፎ ሲወጣ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተዘርፏል፣ በሩ ተቃጥሏል፤ ግንቡ ግን አንድም ድንጋይ አልጎደለበትም። የአጎቴ ልጅ ከጓዶቹ ጋር ገብቶ ሰፈረበት። ሲያየኝ ገና ከሩቅ፣ «አላልኩህም!» ብሎ ጮኸ። በኋላ የአካባቢው ሕዝብ እህል ማከማቻ ሆነ።

ከሁሉ የምኮራበት ሥራዬ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከመንደራችን ወደ ቆላ ድባ በሚወስደው መንገድ ላይ በየክረምቱ ሰውና ከብት የሚወስድ ወንዝ አለ። መንደሩ መክሮ ድልድይ እንድሠራ ጠየቀኝ። እኔም ሽማግሌው ካልመሩት እጄን አላነሳም አልኩ። አጉረመረሙ፤ ግን ተስማሙ። መሠረቱን ብቻ ስንቆፍር አንድ ወር አለፈ። «ድልድይ ነው የምትሠሩት ወይስ መቃብር?» ይሉን ነበር። አባቴ በሽምግልናው አፈር በቅርጫት እያወጣ፣ «ድንጋዩ ሲመጣ ይነግራችኋል» ይላቸዋል። ድንጋዩን አገኘነው። ቅስቱን ሽማግሌው በገዛ እጃቸው ዘጉት። ዛሬ ልጆቻቸው እስራኤል ናቸው፤ እሳቸው ግን ወለቃ ነው ያረፉት።

በመጀመሪያው ክረምት ወንዙ ሞላ። ሰው ሁሉ ከወዲህ ዳር ቆሞ ድልድዩ ሲወሰድ ሊያይ ይጠብቃል። ውሃው ቅስቱን ሊነካ ሲቃረብ አባቴ ጥማድ በሬዎቹን እየነዳ ድልድዩ ላይ ገባ። መሃል ላይ በሬዎቹን አቆመና ወደ ሰዉ ዞረ። ከማዶ አንድ የማያውቀን መንገደኛ፣ «ይህን የሠራው ማን ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ልጄ!» አለ አባቴ፣ ከወንዙ ድምፅ በላይ። «ልጄና አስተማሪው!»